ሃይማኖቶች ከተማ ሲሻሙ፦ ስለ ሲቪላይዜሽን 6 ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ፣ በየጌም ቤቱም ሆነ በየዶርሙ ላፕቶፕ ዙሪያ፣ ከተማ እየመሠረቱ ሥልጣኔ የሚገነቡበት የሲቪላይዜሽን የኮምፒውተር ጨዋታ ሲደራ ክርክሩ የሚከርረው ጦርነት ላይ ብቻ አይደለም። "ከተማዬን ማን ቀየረብኝ?" የሚለው ጥያቄ ከጦርነቱ በላይ ያጨቃጭቃል። ከታች ያሉት መልሶች በ2016 እ.ኤ.አ. ለወጣው ሲቪላይዜሽን 6፣ ራይዝ ኤንድ ፎል እና ጋዘሪንግ ስቶርም የተባሉት ተጨማሪ ጥቅሎች ተጭነውበት የሚሠሩ ናቸው። ቁጥሮቹ በስታንዳርድ ፍጥነት የተሰሉ ናቸው። አምስተኛውን የምትጫወቱ ወደ መጨረሻው አካባቢ የእናንተ ጥያቄ አለ።

ጨዋታው አንዲትን ከተማ "የዚህ ሃይማኖት ናት" የሚለው ምን ቆጥሮ ነው?

ነዋሪዎቿን ቆጥሮ ነው። እያንዳንዱ ሃይማኖት በእያንዳንዷ ከተማ ውስጥ የተጠራቀመ ግፊት አለው። ነዋሪዎቹ በዚያ ግፊት መጠን ይከፋፈላሉ፤ ከግማሽ በላይ ነዋሪ ያገኘው ሃይማኖት ምልክቱ ከከተማዋ ስም አጠገብ ይወጣል። ብዙ ተጫዋች ዓይኑን የሚተክለው ምልክቱ ላይ ነው። መታየት ያለበት ግን ከተማዋን ስትጫኑ በሃይማኖት ገጿ ላይ የሚወጣው ዝርዝር ነው። ምልክቱ የእናንተ ሆኖ ከ11 ነዋሪ 6ቱ ብቻ የእናንተ ከሆኑ ከተማዋ በአንድ ሚሽነሪ (ሃይማኖት ለማስፋፋት የሚገዛ ሰባኪ) ልትገለበጥ ትችላለች።

ሦስት ሃይማኖት ተፋጥጦ አንዱም ግማሹን ካላለፈ ከተማዋ የማንም አይደለችም፤ የማንም የምእመን ደንብ (ሃይማኖቱ ለያዛት ከተማ የሚሰጠው ጥቅም) አይሠራባትም። አንዳንድ ጊዜ ይህ ራሱ ይጠቅማል። ለምን እንደሚጠቅም ስለ ሃይማኖት ድል በሚያወራው ጥያቄ ላይ ታገኙታላችሁ።

ማንም ሳይላክ ሃይማኖት በራሱ እየገባብኝ ነው። ከየት ነው የሚመጣው?

ከጎረቤት ከተሞች። አንድ ሃይማኖት የያዘች ከተማ በ10 ታይል (የካርታው አንድ መደብ) ርቀት ውስጥ ባሉ ከተሞች ሁሉ ላይ በየተራው 1 ግፊት ታሳድራለች። ሆሊ ሳይት (የከተማዋ የሃይማኖት ሰፈር) ከሠራች 2 ይሆናል። ሃይማኖቱ የተመሠረተባት ቅድስት ከተማ ከሆነች ደግሞ 4።

የንግድ መስመርም ግፊት ይጭናል፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ነጋዴ የምትልከው ከተማ ሃይማኖቷን ወደ መድረሻዋ ታስገባለች። ከመድረሻዋም የሚመለስ አለ፤ የሚመለሰው ግን ከሚሄደው ያነሰ ነው። ከመርካቶ አራት ኪሎ የምትመላለስ ሚኒባስ ሰው ጭና ሄዳ ሰው ጭና እንደምትመለስ አስቡት፤ ልዩነቱ እዚህ ስትመለስ ግማሽ ባዶ መሆኗ ነው። ስለዚህ ሃይማኖቱን ለማትፈልጉት ጎረቤት ነጋዴ ከመላካችሁ በፊት ወርቁን ብቻ አትቁጠሩ።

አሁን ንጽጽሩን ተመልከቱ። አንድ ጤነኛ ሚሽነሪ በአንድ ስብከት 200 ግፊት ይጨምራል። ሆሊ ሳይት ያላት አንዲት ጎረቤት ከተማ ይህን ለማድረስ 100 ተራ ይፈጅባታል። ስድስት እንደዚህ ያሉ ከተሞች ተቀራርበው ከተሠሩ ግን በየተራው 12 ነው፤ 17 ተራ አይሞላም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ በቁጥር ይታያል። ከተሞቹን ዘርዝሮ የሚሠራ ተጫዋች በግፊት አያሸንፍም፤ ከ5 እስከ 6 ታይል እያራራቀ የሚሠራ ግን አንድም ሚሽነሪ ሳይገዛ ጠረፉን ይይዛል። ግፊቱን የሚያጎሉ የመስፋፋት ደንቦችም አሉ። ኢቲነራንት ፕሪቸርስ ርቀቱን በ30 በመቶ ያስረዝማል፤ ስክሪፕቸር ጉልበቱን በ25 በመቶ ይጨምራል፤ ማተሚያ ሲገኝ ጭማሪው 50 ይሆናል። ከተሞቻችሁ ተጠጋግተው ከሆነ ሁለተኛውን ምረጡ። የመጀመሪያው የሚጠቅመው ጎረቤት ራቅ ሲል ብቻ ነው።

ሚሽነሪ ልግዛ ወይስ ሐዋርያ?

ሃይማኖት ያልገባበት ከተማ ላይ ሚሽነሪ፤ የተያዘ ከተማ ላይ ሐዋርያ፣ ማለትም ከሚሽነሪ የበረታው ሰባኪ። ምክንያቱ ሒሳቡ ነው። ሚሽነሪ 200 ግፊት ሲጨምር ከሌሎቹ ሃይማኖቶች ግፊት 10 በመቶ ብቻ ይቀንሳል። ሐዋርያ 220 ጨምሮ 25 በመቶ ያነሳል። ፕሮሰሊታይዘር የተባለውን እድገት ያገኘ ሐዋርያ ደግሞ 75 በመቶውን ጠርጎ ያወጣል።

ተቀናቃኝ 400 ግፊት ያጠራቀመባትን ከተማ እንውሰድ። ሚሽነሪው አንዴ ሲሰብክ 360 ለ200፤ ሁለተኛ ሲሰብክ 324 ለ400፤ ያኔ ተገለበጠች፤ ግን ለጥቂት ነው። ተራ ሐዋርያ በሁለት ስብከት 225 ለ440 ያደርሳታል። ፕሮሰሊታይዘሩ በአንድ ስብከት 100 ለ220 አድርጎ ይጨርሳል። የተጠራቀመው ግፊት 2000 በሆነባት አሮጌ ከተማ ላይ ሚሽነሪ መላክ ፌይዝ (ሰባኪ የሚገዛበት የእምነት ነጥብ) መበተን ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። የስብከቱ ጉልበት ከሰባኪው ጤንነት ጋር ይወርዳል፤ የቆሰለ ሐዋርያ ወደ ሆሊ ሳይት ተመልሶ ካላገገመ ያው 220 አይደለም። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ግዢ ቀጣዩን ያስወድዳል፤ ዋጋው ግን ለየዓይነቱ ለየብቻ ነው የሚጨምረው፤ ገና በማለዳ አምስት ሚሽነሪ የገዛ ሰው የሐዋርያ ዋጋ አይወደድበትም፣ ለሐዋርያ ሊያወጣው የሚችለውን ፌይዝ ግን አባክኗል።

የሬቫን የተባለችውን ከተማ-መንግሥት የበላይነት ከያዛችሁ የሐዋርያውን እድገት ከሙሉው ዝርዝር መርጣችሁ ትወስዳላችሁ። ካልያዛችሁ ጨዋታው የሚያቀርብላችሁ ጥቂት ምርጫ ብቻ ነው። ለሃይማኖት ድል የምትጫወቱ ከሆነ ልዑኮቻችሁን በሙሉ እዚያ ማፍሰስ አያስቆጭም።

ሚሽነሪ ገዛሁ፤ የጠላቴን ሃይማኖት ይዞ ወጣ። ጨዋታው ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። የተገዛ ሰባኪ የሚይዘው የተገዛባትን ከተማ የብዙኃን ሃይማኖት ነው እንጂ የመንግሥታችሁን አይደለም። ከተማዋ ካለፈው ተራ ወዲህ ተገልብጣ ከሆነ በገዛ ፌይዛችሁ ለጠላት ሰባኪ ቀጠራችሁ ማለት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ከከተማዋ ስም አጠገብ ያለውን ምልክት ማየት አንድ ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ከዚህ የባሰው ሁሉም ሆሊ ሳይት ያላቸው ከተሞቻችሁ ሲገለበጡ ነው። ያኔ የራሳችሁን ሰባኪ የምትገዙበት ቦታ አይኖርም። መድኃኒቱ አስቀድሞ የሚዘጋጅ ነው፦ አንድ ሐዋርያ፣ ስብከቱ ሳይነካ፣ ከጠረፍ ራቅ ብሎ ቅድስት ከተማ አጠገብ ይቀመጥ። ክፉ ቀን ሲመጣ መጀመሪያ ቴምፕል (ሐዋርያ ለመግዛት የሚያስፈልገው የሆሊ ሳይት ሕንፃ) ያላትን ከተማ መልሱ፤ ከዚያ እዚያው ግዙ። ዋና ከተማ ስለሆነች ብቻ ሆሊ ሳይት የሌላትን ከተማ ቀድሞ መመለስ የተለመደ ስህተት ነው።

ከተማዬ በሌላ ሃይማኖት ብትያዝ በእርግጥ ምን አጣለሁ?

እንደ ደንቡ ዓይነት ይለያያል፤ ጭቅጭቁም የሚነሳው ዓይነቶቹ ስለሚደበላለቁ ነው።

የምእመን ደንብ ከተማዋን ይከተላል። ሃይማኖቱን ማንም ይመሥርተው፣ ከተማዋ ከያዘችው ትጠቀማለች። ለምሳሌ ዎርክ ኤቲክ ሆሊ ሳይት ከአካባቢው የሚያገኘውን የፌይዝ ጉርሻ ያህል ምርት ይሰጣል። ከተማዋ ስትገለበጥ ይህ ምርት በዚያው ተራ ይጠፋል፤ በ6 ተራ ያልቃል ያላችሁት ግንባታ ሳይታሰብ 9 ወይም 10 ይላል። ፊድ ዘ ወርልድን የመረጠ ሰው ደግሞ ሕዝቡ ማደግ ሲያቆም ነው የሚነቃው። እንዲህ ያለ ድንገተኛ ለውጥ ስታዩ መጀመሪያ የሃይማኖት ገጹን ክፈቱ።

በተቃራኒው የመጣው ሃይማኖት የተሻለ የምእመን ደንብ ካለው ከተማዋ ትጠቀማለች። ኮራል ሚዩዚክ ያለው ሃይማኖት፣ ሽራይንና ቴምፕል ወዳላት ከተማ ቢገባ ባህል ይዞላችሁ ይመጣል። የሃይማኖት ድል የሚያሰጋ ካልሆነ እንዲህ ያለውን እንግዳ ለማባረር ፌይዝ ማውጣት ትርጉም የለውም።

የመሥራች ደንብ ለመሥራቹ ብቻ ነው። የእናንተ ከተማ ተገልብጣ ለሌላው ምእመን ስትሆን እርሱ ባለበት ሆኖ ይሰበስባል። ከተማችሁ ላይ ምንም አልተጎዳችሁም ብትሉ እንኳ ተቀናቃኛችሁን እያደለባችሁ ነው።

ፓንቲዮን (ከሃይማኖት በፊት የሚመረጠው የመጀመሪያ እምነት) አይነካም። በስድስተኛው ጨዋታ ፓንቲዮናችሁ በየትኛውም ሃይማኖት ሥር ባለች ከተማችሁ ላይ ይሠራል።

ታማኝነት ይነካል። ራሳችሁ ሃይማኖት መሥርታችሁ ከሆነ፣ የእናንተን የያዘች ከተማ በየተራው 3 ታማኝነት ታገኛለች፤ የሌላ የያዘች 3 ታጣለች። ስለዚህ መገልበጥ ማለት የ6 ነጥብ ልዩነት ነው። መሀል አገር ላይ ይህ ምንም አይደለም። ጠረፍ ላይ፣ የጎረቤት ትልልቅ ከተሞች በሚጫኗት ትንሽ ከተማ ላይ ግን፣ 100 የነበረው ታማኝነት መውረድ ጀምሮ ዜሮ ሲደርስ ከተማዋ ነፃ ከተማ ትሆናለች፤ ከዚያ ወደ ጎረቤት ለመግባት ብዙ አይቀራትም። ጥይት ሳይተኮስ ከተማ የሚወሰድበት አንዱ መንገድ ይሄ ነው። በተለይ ከጦርነት በኋላ የያዛችኋት ከተማ የቀድሞ ጌታዋን ሃይማኖት ይዛ ስለምትቀር፣ ከወታደሮቹ ኋላ አንድ ሐዋርያ አስከትሉ።

ሐዋርያት ሲዋጉ ከተሞቹ ላይ ምን ይሆናል?

የሃይማኖት ፉክክር ትልቁ መዶሻ እዚህ ነው። በሃይማኖት ክርክር አንዱ ሲሞት፣ በ10 ታይል ውስጥ ባሉ ከተሞች ሁሉ የአሸናፊው ሃይማኖት 250 ግፊት ያገኛል፤ የተሸናፊው 250 ያጣል። በዚያ ክልል አምስት ከተማ ካለ አንድ ድል አምስት ስብከት ያህል፣ ከዚያም በላይ፣ ሠራ ማለት ነው። አንድ የስብከት ዕድል እንኳ አልወጣበትም።

ኃይላቸው እንዲህ ነው፦ ሐዋርያ 110፣ ሚሽነሪ 100፣ ኢንኩዊዚተር (የሌላውን ሃይማኖት ከከተማችሁ የሚያጸዳ መርማሪ) 75። ሚሽነሪ ራሱን ይከላከላል እንጂ አይገጥምም። ዲቤተር የተባለው እድገት ለሐዋርያው 20 ይጨምራል፤ ቴኦክራሲ የሚባለው አስተዳደር ደግሞ 5። ብቻውን የወጣ ሐዋርያ ቀላል ታዳኝ ስለሆነ ሁለት ሦስት ሆነው ይሂዱ፤ ከጎን የቆመ ጓደኛ እዚህም እንደ ጦር ሜዳው ያግዛል። ቁስለኛውን ለመመለስ ጉሩ (ሰባኪዎችን የሚያክም) አስከትሉ ወይም ሆሊ ሳይታችሁ አጠገብ ቆማችሁ ጠብቋቸው። የራስን ሜዳ መምረጥ ከሁሉ ይበልጣል፦ ጠላት ሁለት ሐዋርያ ይዞ ሲመጣ ሮጦ ከመግጠም፣ ሆሊ ሳይቱ አጠገብ ጠብቆ መምታት።

ጦርነት ላይ ካላችሁ ሌላም መንገድ አለ። ወታደር የጠላትን ሰባኪ በመናፍቅነት ሊያስወግደው ይችላል። ያኔ የሟቹ ሃይማኖት በአካባቢው ግፊት ያጣል፤ የእናንተ ግን አይጨምርም።

ኢንኩዊዚተር መቼ ነው የሚያዋጣው?

ከተሞቻችሁ እንዳይገለበጡ ሳይሆን ከተገለበጡ በኋላ ለማጽዳት ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። ለሁለቱም ነው። መጀመሪያ አንድ ሐዋርያ ምርመራውን ማስጀመር አለበት፤ ሐዋርያው በዚያ ያልቃል። ከዚያ ቴምፕል ካላቸው ከተሞች ትገዛላችሁ። አንድ ኢንኩዊዚተር ሦስት ጊዜ ይሠራል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ከከተማዋ የሌሎችን ግፊት 75 በመቶ ያነሳል። በወዳጅ መሬት ላይ 35 ኃይል ስለሚጨመርለት 75ቱ 110 ሆኖ ከሐዋርያ እኩል ይቆማል፤ ለዚያውም በርካሽ።

የሚሳሳቱበት ቦታ አለ፦ ኢንኩዊዚተር የሌላውን ይቀንሳል እንጂ የእናንተን አይጨምርም። ከተማዋ ውስጥ የእናንተ ግፊት ዜሮ ከሆነ ስታጸዱት የምታገኙት ባዶ ከተማ ነው። አስቀድሞ በአንድ ስብከት ዘር መዝራት፣ ከዚያ ማጽዳት።

ሐዋርያ ማቃጠል ካልፈለጋችሁና የምትጠብቁት አንዲት ከተማ ብቻ ከሆነች፣ ሞክሻ የተባለውን ገዥ አስቀምጡባት። ሲታደል ኦፍ ጎድ የሚለውን እድገት ካገኘ እናንተ ያልመሠረታችሁት ሃይማኖት በዚያች ከተማ ላይ ግፊት ማሳደር አይችልም። ቅድስት ከተማ ለዚህ ምቹ ናት።

አንዱ ተጫዋች በሃይማኖት ሊያሸንፍ ነው። ምን ያህል ጊዜ አለኝ?

ጊዜውን ሳይሆን ከተሞቹን ቁጠሩ። ለሃይማኖት ድል፣ በእያንዳንዱ ሥልጣኔ ውስጥ ከግማሽ በላይ ከተሞች ያንን ሃይማኖት መያዝ አለባቸው። "ከግማሽ በላይ" እና "በእያንዳንዱ" የሚሉት ሁለት ቃላት መውጫችሁ ናቸው። 10 ከተማ ካላችሁ 5ቱን መጠበቅ ይበቃል። የእናንተንም መጠበቅ ካልቻላችሁ፣ ሩቅ ያለ ሌላ ሥልጣኔ ግማሹን ከያዘ ድሉ ይቆማል።

ማንም ያልያዛት ከተማ የምትጠቅመው እዚህ ነው። ለከልካዩ፣ ሦስት ሃይማኖት የተፋጠጠባት ከተማ ከጠላት የተቀነሰች ከተማ ናት። ስለዚህ ሦስተኛ ወገን ሚሽነሪ ይዞ ሲመጣ ሁልጊዜ አታባርሩት። ፌይዝ ካለቀባችሁ የመጨረሻው መንገድ ጦርነት አውጆ ሰባኪዎቹን በወታደር ማስወገድ ነው፤ ለፈረሰኛ ጥሩ ሥራ ነው፣ እግረኛ አይደርስባቸውም። ከኮምፒውተሩ ጋር ስትጫወቱ "ከተሞቼን መቀየር አቁም" ብሎ ቃል ማስገባትም ይቻላል፤ ለጥቂት ተራ ትንፋሽ ይሰጣል።

ሃይማኖት የሚመሠርቱት ነቢዮች አለቁብኝ፤ ሃይማኖት ሳልመሠርት ቀረሁ።

የሃይማኖቱ ብዛት የተጫዋቹ ግማሽ ሲደመር አንድ ነው፤ 8 ተጫዋች ባለበት 5። ለመቅደም በመጀመሪያዎቹ ከተሞች ሆሊ ሳይትና ሽራይን፣ አልያም ስቶንሄንጅ የተባለው ድንቅ ሥራ ያስፈልጋል። ካመለጣችሁ ደግሞ ከጎረቤቶች የተሻለ የምእመን ደንብ ያለውን መርጣችሁ ተቀበሉት፤ መሥራቹ ለድል ከማይሯሯጥ ሰው ቢሆን ይመረጣል። የዚያን ሃይማኖት ሚሽነሪ ከራሳችሁ ከተማ ገዝታችሁ አደገኛውን ሃይማኖት መግፋት ትችላላችሁ።

ምኒልክን ይዤ ስጫወት ሃይማኖት ያስፈልገኛል?

ፌይዝ ያስፈልጋችኋል፤ ሃይማኖት ቢኖር ይሻላል እንጂ ግዴታ አይደለም። በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. የመጣው የኢትዮጵያ ጥቅል ላይ ምኒልክ በኮረብታ የመሠረቷቸው ከተሞች የፌይዛቸውን 15 በመቶ ያህል ሳይንስና ባህል ያገኛሉ። ይህ ከተማዋ የማንን ሃይማኖት እንደያዘች አይጠይቅም። ከአለት የሚፈለፈለው ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው፤ በድራማ ኤንድ ፖየትሪ ይከፈታል፣ ኮረብታ ወይም የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ይሠራል፣ ዙሪያው ባለ ተራራና ኮረብታ ልክ ፌይዝ ይጨምራል። ሁለቱን ጎን ለጎን መሥራት አይቻልም፤ ስለዚህ ከተማ ከመመሥረታችሁ በፊት ቦታቸውን በካርታው ላይ አንድ ታይል እየዘለላችሁ ምልክት አድርጉ። ነቢይ በነፃ አይሰጣቸውም፤ ሃይማኖት ከፈለጋችሁ እንደ ማንም ሆሊ ሳይት መቅደም አለበት። በዚህ ሁሉ ፌይዝ ሐዋርያ መግዛት ለምኒልክ ከባድ አይደለም፤ መከላከሉ ላይ ሳይሆን ማጥቃቱ ላይ ነው የሚያምሩት።

በሲቪላይዜሽን 5 ላይስ ይሠራል?

ሐሳቡ አንድ፣ ቁጥሩ ሌላ ነው። ርቀቱ እዚያም 10 ታይል ነው፤ ግፊቱ ግን በከተማ 6፣ የሚሽነሪ ስብከት ደግሞ 1000። ድንበር ሳይከፈትለት ገብቶ የሚያድር ሚሽነሪ በየተራው 250 ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ ከጠረፍ ሁለት ተራ ያለፈ ጉዞ ኪሳራ ነው። ፓንቲዮን ከሃይማኖቱ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ከተማችሁ ስትገለበጥ የፓንቲዮኑም ጥቅም ይሄዳል። ኢንኩዊዚተር ከተማ ውስጥ ከቆመ የውጭ ሚሽነሪ መስበክ አይችልም፤ ይህ በስድስተኛው ላይ የለም።

አንድ የቆየ ዘዴ፦ ጎረቤታችሁ ፓጎዳ የሚያስገዛ ሃይማኖት ካለው ከተማችሁን እንዲይዝ ፍቀዱለት፣ ፓጎዳውን በፌይዝ ግዙ፣ ከዚያ ወደ ራሳችሁ መልሱ። ሕንፃው ይቀራል። አዲስ አበባን ዋና ከተማ አድርጎ በኃይለ ሥላሴ የሚጫወት ሰው፣ ሐውልቱ በየከተማው 2 ፌይዝ ስለሚጨምርለት፣ ይህን ከሌሎች ቀድሞ ይችላል።

በአንድ ኮምፒውተር ተራ በተራ ስንጫወት በሃይማኖቶቹ ስም ጭቅጭቅ ይነሳል።

ስሙን ቀይሩት። ሃይማኖት ስትመሠርቱ የራሳችሁን ስም መጻፍ ይቻላል። ስምና ምልክት በጨዋታው ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም፤ አንዱን ከሌላው የሚለዩት የተመረጡት ደንቦች ብቻ ናቸው። በየሰፈሩ ስም መሰየም የለመዱ አሉ፤ "ካዛንቺስ ፒያሳን ገለበጠው" ሲባል ቢያንስ የሚያስቅ ነው።

ደግሞም ራስ-ሰር ማስቀመጫውን በየተራው እንዲሆን አድርጉት። አሥር ሐዋርያ አንቀሳቅሳችሁ ተራውን ሳትጨርሱ መብራት ከሄደ የምትመለሱት ወደ ተራው መጀመሪያ ነው፤ ከትልቅ የሃይማኖት ክርክር በፊት በእጅ ማስቀመጥ ይሻላል።